የመኪና ሞተር ስለሚሰጠው የማስጠንቀቂያ ምልክትና ስለማይታየው የአየር ቀዳዳ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)






 ከእኛ በፊት የተናገሩት ጓደኞቻችን ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምና ስለ አምባሰል ቅኝት ያሰሙትን ሁላችንም በደስታ አዳምጠናል። እኛ የመረጥነው ርእስ ከዘይት፣ ከጢስና ከብረት የማይርቅ ስለ ሆነ ለበዓል ቀን የማይስማማ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው መንገድ ዳር ለምንኖር ሰዎች መኪና የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ምጥ የያዛት እናት ደሴ ሆስፒታል የምትደርሰው በመኪና ነው፤ የገበሬው ሽንኩርትና ጤፍ ገበያ የሚደርሰው በመኪና ነው፤ ከእኛም መካከል ብዙዎቻችን ትምህርት ቤት የምንከፍለውን ያገኘነው አባቶቻችን መሪ ይዘው ከሚያመጡት እንጀራ ነው። ስለዚህ ሞተር ሲታመም ምን ብሎ እንደሚናገር፤ ንግግሩም እንዴት እንደሚተረጎም ብናወሳ ጊዜያችሁን በከንቱ አላጠፋንባችሁም ብለን እናምናለን።

በአገራችን የመኪና ታሪክ ከመቶ ዓመት ጥቂት ያለፈ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የምትባለውን መኪና አዲስ አበባ አድርሶ ለዐፄ ምኒልክ አሳይቷል። በኋላም ኢጣልያኖች አገራችንን ወርረው በቆዩባቸው 5 ዓመታት ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ አሥመራ የሚወስደውን መንገድ ለራሳቸው ጥቅም ሠሩት። ጠላት ወጣ፤ መንገዱ ግን ቀረ፤ ከመንገዱም ጋራ ቃሎቹ ቀሩ። እስከ ዛሬ ድረስ መካኒኮቻችን ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ፊልትሮ፣ ማርሚታ፣ ፋሸታ፣ ሚኒሞ ሲሉ የምንሰማው ከዚያ ቋንቋ የተወረሰ ነው።

ዛሬ በዚሁ መንገድ ከሚመላለሱት መኪናዎች ብዙዎቹ በዕድሜ ከእኛ ከተማሪዎቹ ይበልጣሉ። ደግሞም በ2016 ዓ.ም. መንግሥታችን በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ፤ በምትካቸውም በኤሌክትሪክ የሚሠሩት እንዲገቡ መወሰኑ የታወቀ ነው። ውሳኔው የራሱ ምክንያት አለው፤ ስለ እርሱ ለመከራከር አልተነሣንም። ነገር ግን ከዚያ በፊት የገቡት መኪናዎች በአንድ ቀን አይጠፉም። እያረጁ ይሄዳሉ፤ ያረጀም ብዙ ያማል፤ ብዙ ለሚያመው ደግሞ ዐዋቂ ሐኪም ያስፈልገዋል።

እንግዲህ በመጀመሪያ ሞተር እንዴት እንደሚተነፍስ እንመልከት። የቤንዚን ሞተር በደንብ እንዲሠራ ለ1 ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ወደ ታች ሲወርድ እንደ መርፌ ስሪንጅ አየር ይስባል። ነገር ግን ሾፌሩ ነዳጅ መስጫውን ካልረገጠ የአየሩ መግቢያ በር ሊዘጋ ጥቂት ብቻ ስለሚቀረው ከበሩ በስተ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከውጭው ያንሳል። ይህን የግፊት ጉድለት ነው መካኒኮች ቫኪዩም የሚሉት። ቫኪዩም ከንቱ ነገር አይደለም። በጎማ ቱቦዎች እየተላለፈ ፍሬን ለመርገጥ ሾፌሩን ያግዛል፤ በሞተሩ ሆድ ውስጥ የሚጠራቀመውን ጢስ መልሶ ያስበላል፤ ከቤንዚን ታንከሩ የሚወጣውንም ትነት ይሰበስባል።

እነዚህ ቱቦዎች ጎማ ስለ ሆኑ በብዙ ዓመት ሙቀት ይደርቃሉ፤ ይሰነጠቃሉ፤ ከአፋቸውም ይላላሉ። ያን ጊዜ ሞተሩ ባልታሰበ በኩል አየር ይስባል። በኮምፒውተር የሚታዘዘው ሞተር በዋናው መግቢያ የሚያልፈውን አየር በመለኪያ ቈጥሮ በዚያው ልክ ቤንዚን ይሰጣል። በስንጥቁ የገባውን አየር ግን የቈጠረው የለም። ነገሩ ድግስ የደገሰች እመቤትን ይመስላል፤ በበር የገቡትን እንግዶች ቈጥራ ለ20 ሰው እንጀራ አቀረበች፤ በጓሮ በኩል ግን ሌሎች 5 ሰዎች ገብተው ተቀመጡ። እንጀራው ቢያንስ ጥፋቱ የእመቤቲቱ አይደለም፤ የጓሮው በር አለመዘጋቱ ነው። ሞተሩም እንዲሁ አየር በዝቶበት ቤንዚን ያንሰዋል፤ ሚኒሞው ይናወጣል፤ በቀዝቃዛ ጧት አልነሣም ይላል፤ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲቆም ይጠፋል። አንዳንዶቹ ሞተሮች ደግሞ አየሩን ቈጥረው ሳይሆን በውስጥ ያለውን ግፊት ለክተው ቤንዚን ይሰጣሉ፤ እነዚህ ቀዳዳ ሲያገኛቸው ብዙውን ጊዜ ሚኒሟቸው ከፍ ብሎ ይጮኻል።

አሁን ስለ ምልክቱ እንናገር። በሾፌሩ ፊት የሞተር ሥዕል ያለባት ቢጫ መብራት አለች። ቆማ የምትበራ ከሆነ ጊዜ ሳይወስዱ ማስመርመር ይገባል። በአዳዲሶቹ ላይ ሞተሩ እየቆራረጠ እርሷም ብልጭ ድርግም የምትል ከሆነ ግን ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ማርሚታው እያለፈ ጢስ ማጣሪያውን ሊያቃጥለው ስለሚችል ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀንሶ ቶሎ ሊያቆም ያስፈልጋል። ይህች መብራት ስትበራ የመኪናው ኮምፒውተር የችግሩን ቍጥር በመዝገቡ ጽፏል ማለት ነው። በአሜሪካ አገር ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፤ በአውሮፓም ለአዳዲስ የቤንዚን መኪናዎች ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህ ቍጥር በአንድ ዐይነት ሥርዓት እንዲጻፍ ተደንግጓል። ስለዚህ ፒ 0171 የሚለው ኮድ በየትኛውም ፋብሪካ መኪና ላይ ቤንዚን አንሷል፤ አየር በዝቷል ማለት ነው። ፒ 0301 የሚለው ደግሞ 1ኛው ሲሊንደር ይቆራርጣል ማለት ነው።

ከዚያ ቀደም የተሠሩት ቶዮታዎች ስካነር ሳይኖር በራሳቸው መብራት ይናገራሉ። በሞተሩ ክፍል ውስጥ ዳያግኖስቲክ የሚል ጽሑፍ ያለባት ትንሽ ሣጥን ትገኛለች። ክዳኗ ሲከፈት የቀዳዳዎቹ ስም በክዳኑ ውስጥ ተጽፏል። ቲ.ኢ. 1 እና ኢ. 1 የተባሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኝቶ ሞተሩን ሳያስነሡ ቍልፉን ብቻ ቢከፍቱ መብራቷ ብልጭ ማለት ትጀምራለች። ሳታቋርጥ እኩል እኩል ብልጭ ካለች የተመዘገበ በሽታ የለም። ሁለት ጊዜ ብልጭ ብላ ጥቂት ዐርፋ ደግሞ አምስት ጊዜ ብልጭ ካለች ኮዱ 25 ነው፤ ይህም ቤንዚን አንሷል ማለት ነው። 26 ቤንዚን በዝቷል፤ 22 የውኃውን ሙቀት የሚለካው ሴንሰር መስመር ተበላሽቷል፤ 41 የአየሩን በር መከፈት የሚለካው ሴንሰር መስመር ተበላሽቷል ማለት ነው። ሽቦው ወደ ሌላ ቀዳዳ ቢገባ ግን ጉዳት ሊያመጣ ስለሚችል ስሙን ሳያነቡ መሞከር አይገባም።

ክቡራን አድማጮች፤

ከዚህ በላይ የተናገርነው ሁሉ ቀላል ነው። አስቸጋሪው ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ኮዱ ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። ምስክሩ ያየውን ይናገራል፤ ያላየውን ግን አያውቅም። ከማርሚታው መንገድ ላይ ያለው የኦክሲጅን ሴንሰር ጢሱን አሽትቶ አየር በዝቷል ብሎ ይመሰክራል። አየሩ በዚያ የበዛው በተሰነጠቀ ቱቦ ይሁን፤ የቤንዚን ፓምፑ ደክሞ ይሁን፤ ፊልትሮው ተደፍኖ ይሁን፤ ወይም ከሴንሰሩ በፊት ያለው የጢስ ቧንቧ ተቀዶ የውጭ አየር አስገብቶ ይሁን ሴንሰሩ አያውቅም። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ቅጣቱ የሚወድቀው በምስክሩ ላይ ነው፤ ሴንሰሩ ተነቅሎ በሌላ ይለወጣል።

ለዚህ አንድ ያየነውን ምሳሌ እንጥቀስ። ባለፈው ዓመት ከከተማችን ነዋሪዎች የአንዱ ኮሮላ መብራቷ በርቶ ወደ አንድ ጋራዥ ተወሰደች። ኮዱ ፒ 0171 ሆኖ ስለ ተገኘ የኦክሲጅን ሴንሰሩ ተለወጠ፤ መብራቱም ጠፋ፤ ከ3 ቀን በኋላ ተመልሶ በራ። ቀጥሎ ፓምፑ ተለወጠ፤ መብራቱ እንደገና በራ። ባለቤቱ ለሁለቱ ዕቃዎች ያወጣው ገንዘብ ለልጆቹ የዓመት ልብስና ደብተር የታሰበ ነበር። በመጨረሻ መኪናዋ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኛ አንዳንዶቻችን ሥራ ለመልመድ ወደምንሄድበት የሐይቅ መካኒክ መጣች። እኛም «ጋሼ፤ ሴንሰሩ ተለውጦ የለም እንዴ? ሌላ ምን ይለወጥ?» ብለን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም «አብሽሩ ልጆቼ፤ መብራቱ የሚነግራችሁ ያመመውን ነው፤ ያሳመመውን የምትፈልጉት እናንተ ናችሁ» አሉን።

ከዚያም ስካነሩን አገናኝተው ኮዱን ሳይሆን ኮምፒውተሩ በየጊዜው ምን ያህል ቤንዚን እንደሚጨምር የሚያሳየውን ቍጥር አወጡ። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ጭማሪው 22 በመቶ ነበር። ነዳጅ መስጫውን ረግጠን በደቂቃ 2500 ዙር ላይ ስናቆየው ወደ 4 በመቶ ወረደ። ምክንያቱን እንዲህ አስረዱን። ስንጥቁ የሚያስገባው አየር ትንሽ ነው፤ ሞተሩ በዝግታ ሲተነፍስ ያ ትንሽ አየር ትልቅ ድርሻ ይሆናል፤ በኃይል ሲተነፍስ ግን በዋናው በር ከሚገባው ብዙ አየር ጋራ ሲመዛዘን ከቍጥር አይገባም። ጥፋቱ የፓምፕ ወይም የፊልትሮ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ተገላቢጦሽ ይሆን ነበር፤ ብዙ ቤንዚን በሚፈለግበት ጊዜ ጭማሪው ይበዛ ነበር። ስለዚህ ገና አንድ ቡሎን ሳይፈታ ጥፋተኛው ተለየ።

የቀረው ቀዳዳውን ማግኘት ነበር። ረጅም ቀጭን ጎማ አንዱን ጫፍ በጆሮ፤ ሌላውን ጫፍ በየቱቦው አጠገብ አድርገን የፉጨት ድምፅ ፈለግን። ከዚያ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የሳሙና ውኃ በየመጋጠሚያው ጥቂት ጥቂት ረጨን። ከአየር ማስገቢያው በታች ዐይን በማይደርስበት ክርን ላይ ሲረጭ የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። ቱቦው ሲወጣ በጀርባው ስንጥቅ ተገኘበት። በአዲስ ቱቦና በሁለት ፋሸታ ተተካ፤ ጭማሪው ከ3 በመቶ በታች ሆነ፤ መብራቱም ከዚያ ወዲህ አልበራም። ዋጋው ከተለወጡት ዕቃዎች ጋራ የሚወዳደር አልነበረም። አባቶቻችን ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚሉት ይህንን ነው።

ከዚህ ሌላ የእኛ አገር ሰው በተለይ ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የአገራችን ከፍታ ነው። በፊዚክስ ትምህርታችን እንደ ተማርነው በባሕር ጠርዝ፤ ለምሳሌ በጂቡቲ ወደብ፤ የአየር ግፊት 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ነው። ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር አካባቢ ስለ ሆነች ግፊቱ ወደ 600 ይወርዳል፤ ደሴም 2500 ሜትር ገደማ ስለ ሆነች ወደ 560 ይወርዳል። የውጭው አየር ከሳሳ ደግሞ ሞተሩ ሊፈጥረው የሚችለው ቫኪዩም በዚያው ልክ ያንሳል። በውጭ አገር የሚታተሙት መጻሕፍት ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ በቫኪዩም መለኪያ ላይ ከ17 እስከ 21 ኢንች ያሳያል ይላሉ። ይህ ለባሕር ጠርዝ የተጻፈ ነው። በየ300 ሜትሩ 1 ኢንች ያህል ስለሚቀነስ ያው ሞተር በሐይቅ ከ11 እስከ 14 ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ይህን ያላወቀ መካኒክ ግን መጽሐፉን አምኖ ጤነኛውን ሞተር ቴስታታውን ሊያስወርደው ይችላል። እንዲሁም ሞተሩ ሳይነሣ የግፊት መለኪያ ሴንሰሩ በስካነር ሲታይ በሐይቅ 80 ኪሎ ፓስካል ገደማ ማሳየቱ ትክክል ነው፤ መጽሐፉ 101 ይላል ተብሎ ሴንሰሩ መጣል የለበትም። ካርቡራተር ያላቸው አሮጌ መኪናዎችም ለባሕር ጠርዝ እንደ ተስተካከሉ ወደ ደጋ ሲወጡ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚን ይበዛባቸዋል፤ ጥቁር ጢስም ያወጣሉ። እነርሱ የሚያስጠነቅቅ መብራት ስለሌላቸው የመካኒኩ ጆሮና አፍንጫ ብቻ ነው የሚፈርድላቸው።

አሁን ከገንዘብ ወደሚበልጠው ወደ ሕይወት ነገር እንለፍ። ፍሬን የሚያግዘው ቫኪዩም በአንድ ወፍራም ቱቦ ይመጣል። ያ ቱቦ ሲሰነጠቅ ወይም በመንገዱ ያለችው ትንሽ ቫልቭ ስትበላሽ ሞተሩ መናወጡ ብቻ አይደለም፤ የፍሬኑ ፔዳል እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ፍሬኑ ፈጽሞ አይጠፋም፤ ነገር ግን ሾፌሩ በሙሉ ኃይሉ ካልረገጠ መኪናው በቶሎ አይቆምለትም። ከውጫሌ ወደ ውርጌሳና ወደ መርሳ የሚወርደውን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አይጠፋውም። ስለዚህ ማንኛውም ሾፌር ከመነሣቱ በፊት በአንድ ደቂቃ ሊያደርገው የሚችል ፈተና አለ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሞ ይርገጥ፤ ከዚያ እግሩን በፔዳሉ ላይ አጽንቶ ሞተሩን ያስነሣ። ፔዳሉ ከእግሩ ሥር ጥቂት ዝቅ ካለ ቫኪዩሙ ይሠራል። ዝቅ ካላለ ግን ተሳፋሪ ሳይጭን ወደ መካኒክ ይሂድ። የናፍጣ ሞተር ቫኪዩሙን የሚያገኘው በልዩ ፓምፕ ቢሆንም በቫኪዩም ለሚታገዝ ፍሬን ሁሉ ፈተናው አንድ ነው።

ከዚህ በላይ የተናገርነውን በአጭሩ እናስታውሳችሁ።

1ኛ/ ኮዱን ጽፎ መያዝ እንጂ ወዲያው አለመደምሰስ። ባትሪ ነቅሎ መብራት ማጥፋት የታመመን ሰው አፉን እንደ መያዝ ነው።

2ኛ/ ዕቃ ከመግዛት በፊት ቱቦዎችን በዐይን፤ በእጅና በጆሮ መመርመር።

3ኛ/ በሚኒሞና በከፍተኛ ዙር ያለውን ልዩነት ማመዛዘን።

4ኛ/ የመጽሐፉን ቍጥር ከአገራችን ከፍታ ጋራ ማስተካከል።

5ኛ/ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ፈጽሞ አለመርጨት፤ የነጠላንና የሻርፕን ጫፍ ከሚሽከረከር ቺንጊያ ማራቅ።

የምንኖርበት የአምባሰል ምድር ቃልን በጥንቃቄ ስለ ማንበብ የሚያስተምረን ታሪክ አለው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ የተደረገው ውል 17ኛ አንቀጹ በአማርኛ ፈቃድ ሆኖ ሳለ በኢጣልያንኛ ግዴታ ሆኖ ተጻፈ፤ የዚያም ልዩነት ፍጻሜ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ታየ። የመኪና ኮድ ከዚያ ታላቅ ነገር ጋራ የሚተካከል አይደለም። ነገር ግን ይመርመር የሚለውን ይለወጥ ብሎ የሚያነብ ሰው የባልንጀራውን ኪስ ያለ ጥፋቱ ያራቍታል።

የተወደዳችሁ ተማሪዎች፤

ከጥቂት ወራት በኋላ እኛ ከዚህ ትምህርት ቤት እንወጣለን። ከእኛ አንዳንዱ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ግን አይሄድም። ወደ ጋራዥ የሚገባውን ልጅ ትምህርት አልሆነለትም ብሎ የሚያዝን ሰው እስከ ዛሬ በመካከላችን አልጠፋም። ጥንት በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠው ባለ እጅ ይሰደብ ነበር፤ ዐፄ ምኒልክም ይህ ነውር እንዲቀር በ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ አወጡ። የመጀመሪያዪቱ መኪና አዲስ አበባ የገባችውም በዚያው ዓመት ነው። ዐዋጁም መኪናውም ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ መኪናው በየመንደሩ ሲደርስ ዐዋጁ ግን በየልባችን ገና አልደረሰም ብንል ሐሰት አይሆንም። ዛሬ ያስረዳናችሁ ሥራ የአየርን ክብደት ማወቅ፤ ድርሻን በመቶ ማስላት፤ ምክንያትን ከውጤት መለየት ይፈልጋል። ይህ ትምህርት ካልሆነ ትምህርት የሚባለው የትኛው ነው?

ወላጆቻችን ሆይ፤ እጁን በዘይት ያጠቈረ ልጃችሁ ማታ ወደ ቤት ሲገባ አትፈሩበት። በማግሥቱ እናንተን አሳፍራ ቁልቁለቱን የምትወርደው መኪና ፍሬኗ የሚይዘው እርሱ ያችን የተሰነጠቀች ቱቦ ስላገኛት ነውና።

 እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንንና አገራችንን ይባርክልን።